የሰው ወርቅ አያደምቅም፦ የጨዋታ ደረጃ ሲገዛና ሲሠራ

የደቡብ ኮሪያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ያፀደቀው አንድ የሕግ ማሻሻያ ከሩቅ ለሚሰማው ሰው ቀልድ ሊመስል ይችላል። ማሻሻያው የሌሎችን ሰዎች የኮምፒዩተር ጨዋታ ደረጃ በክፍያ ከፍ እያደረገ የሚነግድ ሰው እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ እሥራት ወይም እስከ 20 ሚሊዮን ዎን በሚደርስ መቀጮ እንዲቀጣ የሚደነግግ ሲሆን፣ ከጁን 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ለመሆኑ መርከብና መኪና እየሠራች ለዓለም የምትሸጥ አገር ስለ ጨዋታ ደረጃ ሕግ የምታወጣው ሌላ ሥራ አጥታ ነውን?

አይደለም። ጉዳዩ ከጨዋታነቱ ይልቅ የገበያ ጉዳይነቱ ያመዝናል። አንድ ደረጃ ዋጋ ማውጣት ሲጀምር ሻጭ ይመጣል፤ ሻጭ ሲመጣ አገናኝ ይከተላል፤ ከዚያም ሐሰተኛው ዕቃ ከእውነተኛው ጎን ተደርድሮ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። በመጨረሻ ገዢው ሁለቱን መለየት ስለሚያቅተው እውነተኛውም ይረክሳል። ቅቤና ማር የሚነግድ ሰው ይህን ለመረዳት ኮሪያ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

ይሁንና ሐሰተኛውን ደረጃ ማውገዝ ብቻውን በቂ አይደለም። ደረጃውን በሐቅ ማሻሻል የሚሻ ተጫዋች ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ድካሙስ ምን ያህል ያስገኝለታል? ይህ ጥያቄ መልስ ካላገኘ አቋራጭ መንገድ የሚሸጡ ሰዎች ደንበኛ አያጡም።

አምስት ለአምስት

በቡድን ከሚደረጉት የኢንተርኔት ፍልሚያዎች መካከል በኮሪያ የጨዋታ ቤቶች ለበርካታ ዓመታት ቀዳሚውን ሥፍራ ይዞ የቆየው “ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ” የተሰኘው ነው። ሎስ አንጀለስ የሚገኘው ራዮት ጌምስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ለገበያ ያቀረበው ሲሆን፣ የቻይናው ቴንሴንት በ2011 የኩባንያውን አብላጫ ድርሻ ገዝቷል። ጨዋታውን ለመጀመር ክፍያ የለም። የኩባንያው ገቢ በአብዛኛው የሚገኘው ጀግኖቹን ከሚያስጌጡና ጉልበት ከማይጨምሩ አልባሳት ሽያጭ ነው።

አጨዋወቱ በአጭሩ እንዲህ ነው። አምስት ሰዎች ከአምስት ሰዎች ጋር ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች ከ160 በላይ ከሆኑት ጀግኖች አንዱን ይመርጣል። ሁለቱ ቡድኖች በሦስት መስመሮችና በመካከላቸው ባለው ጫካ ይፋለማሉ። የተቃራኒውን የመከላከያ ማማዎች አፍርሶ በመጨረሻ ዋናውን ምሽግ የደመሰሰው ቡድን ያሸንፋል። አንዱ ግጥሚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ደረጃ የሚያሰጡት ግጥሚያዎች እርከናቸው የተወሰነ ነው። ከታች ወደ ላይ ብረት፣ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነም፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የተጨመረው ኤመራልድ፣ ከዚያም አልማዝ ናቸው። እነዚህ ሰባቱ እያንዳንዳቸው በአራት ክፍል ስለሚከፈሉ 28 ደረጃዎች ይሆናሉ። ከአልማዝ በላይ ማስተር፣ ግራንድማስተርና ቻሌንጀር የሚባሉ የጥቂቶች መንደሮች አሉ። ከአንዱ ክፍል ወደ ቀጣዩ ለመሸጋገር 100 ነጥብ ያስፈልጋል።

የዋጋ ምልክትና ሚዛን

የእነዚህ ደረጃዎች አያት የቼዝ ሰሌዳ ነው። በሀንጋሪ ተወልዶ በአሜሪካ የፊዚክስ መምህር የነበረው አርፓድ ኤሎ የቼዝ ተጫዋቾችን ብቃት በቁጥር የሚገልጽ ስሌት ያዘጋጀ ሲሆን፣ የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን በ1960፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደግሞ በ1970 ሥራ ላይ አውለውታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። በሁለት ተጫዋቾች መካከል ያለው የነጥብ ልዩነት የሚጠበቀውን ውጤት አስቀድሞ ይናገራል። የ200 ነጥብ ብልጫ ያለው ሰው ከሚገኘው ውጤት 76 በመቶ ያህሉን እንደሚወስድ ይጠበቃል። ያሸንፋል የተባለው ሲያሸንፍ ጥቂት ነጥብ ያገኛል፤ ይሸነፋል የተባለው ሲያሸንፍ ግን ብዙ ያፍሳል።

ሊግ ኦፍ ሌጀንድስም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን ቁጥር በግልጽ ያሳይ ነበር። ከ2013 ጀምሮ ግን ቁጥሩን ደብቆ የብርና የወርቅ እርከኖችን ከፊት አደረገ። በመሆኑም ዛሬ እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛው ሰው ሁሉ የሚያየው እርከን ሲሆን፣ ይህ በሱቅ ዕቃ ላይ እንደሚለጠፍ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ከመጋረጃ በስተጀርባ ያለው ሚዛን ነው። የተለጠፈው ዋጋ ከሚዛኑ በልጦ ሲገኝ፣ ተጫዋቹ ሲያሸንፍ የሚጨመርለት ነጥብ ያንሳል፤ ሲሸነፍ የሚቀነስበት ይበዛል። ሁለቱ እስኪገናኙ ድረስ ገበያው ራሱን ያርማል።

በኮሪያ ይህ ደረጃ ከጌጥነት አልፎ የሥራ ማስረጃ ሆኗል። በ1996 የተወለደውና “ፌከር” በሚል ስም የሚታወቀው ሊ ሳንግ ህዮክ የፕሮፌሽናል ቡድን ዓይን ያረፈበት በአገሩ የደረጃ ሰንጠረዥ አናት ላይ በመገኘቱ ነበር። በ2013 የኤስኬ ቴሌኮምን ቡድን ተቀላቅሎ በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ እስከ 2024 ባለው ጊዜ ዋንጫውን አምስት ጊዜ አንስቷል። በ2023 በቻይናዋ ሀንግዡ በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች የኮሪያ ቡድን በዚሁ ጨዋታ ወርቅ ሲያገኝ፣ ወጣቶቹ የአገሪቱ ሕግ ለወርቅ አሸናፊዎች በሚፈቅደው መሠረት ከመደበኛው የውትድርና ግዴታ ነፃ የመሆን መብት አግኝተዋል። ሰንጠረዡ የዚህን ያህል በር የሚከፍት ከሆነ፣ ሰንጠረዡን ማጭበርበር የሐሰት ዲፕሎማ ከማተም በምን ይለያል?

የአንድ ሰው ድርሻ ስንት ነው?

ደረጃው አልወጣ ያለው ተጫዋች ሁሉ አንድ ዓይነት አቤቱታ አለው። “እኔ ጎበዝ ነኝ፤ የሚደርሱኝ ጓደኞች ግን ሰነፎች ናቸው” ይላል። ይህን አቤቱታ በስድብ ከመመለስ ይልቅ በሒሳብ መመርመር ይሻላል።

አንድ ተጫዋች በኤሎ ስሌት አብረውት ከሚሰለፉት ሁሉ በ200 ነጥብ ይበልጣል እንበል። ቼዝ ቢሆን ኖሮ 76 በመቶ ይጠበቅለት ነበር። በቡድን ጨዋታ ግን ብልጫው ለአምስት ይካፈላል። የቡድኑ አማካይ የሚያድገው በ40 ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ በዚሁ ቀላል ስሌት የማሸነፍ ዕድሉ 56 በመቶ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ የአቤቱታው ሥር ይህ ነው። ሰውዬው በእርግጥም ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን ጉብዝናው በአንድ ግጥሚያ ውስጥ አይታይም።

በአሥር ግጥሚያስ? የ56 በመቶ ዕድል ያለው ሰው አሥር ጊዜ ሲጫወት ሽንፈቱ ከድሉ በልጦ የሚያድርበት አጋጣሚ ከአራት አንድ ያህል ነው። መቶ ጊዜ ሲጫወት ይህ አጋጣሚ ወደ አሥር አንድ ይወርዳል። ሁለት መቶ ጊዜ ሲጫወት ከሃያ አምስት አንድ አካባቢ ይደርሳል። ሚዛኑ ሐቁን የሚናገረው ዘግይቶ ነው። በአንድ ቅዳሜ ውጤት ተስፋ የሚቆርጥ ተጫዋች፣ ሱቅ በከፈተ በሦስተኛው ቀን ሒሳብ ዘግቶ ከስሬያለሁ እንደሚል ነጋዴ ነው።

ስለ ሰነፎቹ ጓደኞችም ቢሆን ስሌቱ የተጫዋቹ ወገን ነው። በአንድ ግጥሚያ ከእርሱ ሌላ ዘጠኝ መቀመጫዎች አሉ። አራቱ በእርሱ በኩል፣ አምስቱ በተቃራኒው ናቸው። እርሱ ራሱ ሰነፍ እስካልሆነ ድረስ፣ ግዴለሹ ሰው በተቃራኒው በኩል የሚወድቀው አምስት ጊዜ ሲሆን በእርሱ በኩል የሚወድቀው አራት ጊዜ ነው። መቀመጫዎቹን እኩል የሚያደርጋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም አምስተኛው ሰነፍ እርሱ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ከትርፍ በፊት ካፒታል

ደረጃ የሚሻሻለው ይህችን ትንሽ ብልጫ በመፍጠርና በመጠበቅ ነው። እዚህ ላይ የነጋዴ ልማድ ያለው ሰው ይቀናዋል።

የመጀመሪያው ጉዳይ የዕቃ ምርጫ ነው። ከ160 በላይ ጀግኖች መኖራቸው ሁሉንም መሞከርን ያስመኛል። ሆኖም ሁሉን የሚሸጥ የአንዱንም ዋጋ በቅጡ አያውቅም። ሁለት ወይም ሦስት ጀግኖችን በአንድ የቡድን ሥፍራ ላይ ደጋግሞ የሚጫወት ሰው፣ እጁ የለመደውን ሥራ ለእጁ ትቶ ዓይኑን ወደ ካርታው ማንሳት ይችላል።

ሁለተኛው የገቢ ምንጭ ነው። በጨዋታው ውስጥ መሣሪያ የሚገዛው በወርቅ ነው። ብዙ ተጫዋቾች ወርቅ የሚያሳድዱት ተቃራኒን በመግደል ነው፤ አንድ ጀግና መግደል ለረጅም ዓመታት በመነሻው 300 ወርቅ ሲያስገኝ ኖሯል። ይሁንና በየመስመሩ የሚጎርፉት ተራ ወታደሮች እያንዳንዳቸው ሃያ ወርቅ ገደማ ናቸው። ወርቁን የሚወስደው የመጨረሻዋን ምት ያሳረፈው ብቻ ነው። አሥራ አምስት ያህሉን በትክክለኛው ጊዜ የመታ ሰው፣ ምንም ግርግር ሳይፈጥር አንድ ጀግና የመግደልን ያህል ገቢ በኪሱ አስገብቷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ካፒታልን መጠበቅ ነው። የተገደለ ተጫዋች ለተቃራኒው ወርቅ ከመስጠቱም በላይ ከገበያ ይወጣል። በጨዋታው መጀመሪያ የሚቀረው ለጥቂት ሰከንዶች ሲሆን፣ ወደ መጨረሻው ላይ ግን ወደ አንድ ደቂቃ ይጠጋል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ አራት ሰው ከአምስት ሰው ጋር ይዋጋል፤ አንድ ግጥሚያም ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ደረጃውን ለማሻሻል የሚፈልግ ሰው በየግጥሚያው “ስንት ገደልሁ?” ከማለቱ በፊት “ስንት ጊዜ ያለ ምክንያት ሞትሁ?” ብሎ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

አራተኛው መረጃ ነው። ካርታው አብዛኛው ክፍሉ በጉም የተሸፈነ በመሆኑ፣ ተጫዋቾች “ዋርድ” የሚባሉ ጠባቂ ዓይኖችን በየሥፍራው ይተክላሉ። ዋርድ የሚተክል ሰው ጭብጨባ አያገኝም። ሆኖም ተቃራኒው ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ቡድን የሚፈራውንና የሚደፍረውን ይለያል። የገበያውን ወሬ ሳይሰማ ዕቃ የሚያራግፍ ነጋዴ ምን እንደሚገጥመው ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያሻም።

አምስተኛውና ብዙዎች የሚዘነጉት ሽያጭንና ትርፍን መለየት ነው። ግጥሚያ የሚያልቀው ምሽግ ሲፈርስ እንጂ ሬሳ ሲቆጠር አይደለም። ተቃራኒን ገድሎ ማማ ሳያፈርስ ወይም ዘንዶውን ሳይወስድ ወደ ሌላ ጠብ የሚሮጥ ቡድን፣ ቀኑን ሙሉ ሲሸጥ ውሎ ማታ መሳቢያው ባዶ ሆኖ እንደሚያገኘው ባለሱቅ ነው።

እልህ የሚያከስረው ገንዘብ

ከዚህ ሁሉ በላይ ደረጃን የሚበላው ግን እልህ ነው። ሁለት ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈ ሰው ሦስተኛውን የሚጀምረው ለማሸነፍ ሳይሆን የጠፋበትን ለማስመለስ ነው። በዚህ ስሜት ያለጊዜው ይደፍራል፤ ጓደኞቹን ይሳደባል፤ የሚሰደበውም እጁን ያዝላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በገበያም ቢሆን ኪሳራን በአንድ ምሽት ለመመለስ ሲሉ የቀረውን ካፒታል የጨረሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

መድኃኒቱ በሰላሙ ጊዜ የተቆረጠ ደንብ ነው። ሁለት ሽንፈት ከተከታተለ የዕለቱ ሱቅ ይዘጋ። የሚሳደበውን ሰው ድምፅ የሚያጠፋው ቁልፍ ያለ ርኅራኄ ይነካ። ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላም ቅጂው ተከፍቶ፣ ጓደኞቹ ያጠፉት ሳይሆን ተጫዋቹ ራሱ ያጠፋው አንድ ነገር ይመዝገብ። የ56 በመቶ ዕድል በእልህ ሰዓት ወደ 48 ከወረደ፣ በማለዳ የተሠራው ሁሉ ማታ ይፈርሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎስ ትርፉ ምን ያህል ነው? መቶ ግጥሚያ ተጫውቶ 56ቱን ያሸነፈና 44ቱን የተሸነፈ ሰው የተጣራ ትርፉ 12 ድል ነው። እያንዳንዱ በ20 ነጥብ ቢታሰብ 240 ነጥብ፣ ማለትም ከ28ቱ ደረጃዎች ሁለቱን አልፎ ጥቂት ይተርፈዋል። የፈጀበት ጊዜ ሃምሳ ሰዓት ያህል ነው። ይህ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ካስቀመጠው የ48 ሰዓት የሥራ ሳምንት ይበልጣል። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ደግሞ ተጋጣሚዎቹ እየጠነከሩ ብልጫው ይጠባል። ዕድሉ 50 በመቶ ላይ ሲቆም የዕለቱ ትክክለኛ ደረጃው እዚያ ነው ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚወስደው ብዙ መጫወት ሳይሆን መሻሻል ነው።

የውክልናው ገበያ

አቋራጩ ገበያ የሚገባው ልክ በዚህች ሃምሳ ሰዓት ላይ ነው። ኮሪያውያን “ዴሪ” ይሉታል፤ ትርጉሙ ውክልና ማለት ነው። ገዢው ገንዘብና የይለፍ ቃሉን ይሰጣል፤ የተካነው ሰው በገዢው ስም ገብቶ ይጫወታል፤ ብር የነበረው ስም በጥቂት ቀናት ወርቅ ወይም አልማዝ ይሆናል።

የዚህ ንግድ ጠበቆች መከራከሪያቸው ነፃ ገበያ ነው። ሻጭና ገዢ ከተስማሙ ሦስተኛ ወገን ምን አገባው ይላሉ። ክርክሩ ቢያምርም ሒሳቡ ጎደሎ ነው። በአንድ ግጥሚያ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ሳይሆኑ አሥር ናቸው። ተወካዩ ከአቅሙ በታች ወርዶ ሲጫወት አምስት ተጋጣሚዎች ያለ አግባብ ይከስራሉ። ሥራው አልቆ እውነተኛው ባለቤት ሲመለስ ደግሞ ከእርሱ ጋር የሚሰለፉት አራት ሰዎች ይከስራሉ። እነዚህ ሰዎች በውሉ ላይ አልፈረሙም፤ ከክፍያውም ሳንቲም አልደረሳቸውም። ነፃ ገበያ ማለት አንዱ ተዋውሎ ሌላው የሚከፍልበት ማለት አይደለም።

ገዢውስ ምን አተረፈ? የተወካዩ ድሎች ሚዛኑንም ለጊዜው ያዛባሉ። ባለቤቱ ሲመለስ ግን ከአቅሙ በላይ የሆኑ ሰዎች ይገጥሙታል፤ ይሸነፋል፤ ሚዛኑ ይወርዳል። ዋጋው ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሎ በመቅረቱ ለአንድ ድል የሚያገኘው ትንሽ፣ ለአንድ ሽንፈት የሚከፍለው ብዙ ይሆናል። የገዛው ወርቅ በእጁ ላይ ይቀልጣል። ኩባንያው ከደረሰበትም ስሙ ይታገድበታል፤ የይለፍ ቃሉን የያዘው የማያውቀው ሰው ቢክደው ደግሞ የት ብሎ ይከሳል? የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለው ብሂል ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የኮሪያ ሕግ ቅጣቱን በገዢው ላይ ሳይሆን ይህን ሥራ ንግዱ ባደረገው ላይ ማሳረፉ ተገቢ ነው። ይሁንና ሕግ ሻጩን ቢያስርም ፍላጎቱን አያስርም። ወጣቱ በአንድ ሳምንት አልማዝ መሆን አለብኝ ብሎ እስካመነ ድረስ አንዱ ሻጭ ሲታሰር ሌላው ይከፍታል። ፍላጎቱን የሚያደርቀው ደረጃ ምን እንደሆነ በግልጽ ማወቅ ነው። ደረጃ ሽልማት አይደለም፤ መረጃ ነው። አንድ ሰው በብዙ ግጥሚያዎች ውስጥ ከማያውቃቸው አራት ሰዎች ጋር ተሰልፎ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚናገር ቁጥር ነው። ያልሆነውን የሚናገር መረጃ ደግሞ ለገዛው ሰው ከሁሉ በፊት ጎጂ ነው፤ ከማይችለው ገበያ ውስጥ አስገብቶ ይጥለዋልና።

በመሆኑም ልጁ ለጨዋታ ደረጃ መግዣ ገንዘብ የጠየቀው ወላጅ ቁጣውን ትቶ ወረቀትና እስክሪብቶ ቢያነሳ ይሻላል። ያለፉት መቶ ግጥሚያዎችህ ውጤት ስንት ነው? ስንት ጊዜ ያለ ምክንያት ሞትህ? ከሁለት ሽንፈት በኋላ ስንት ጊዜ ቀጠልህ? ለሃምሳው ሰዓት የሚሆን ሌላ ሥራ የለህም ወይ? ልጁ እነዚህን ከመለሰ በኋላም መጫወት ከፈለገ ይጫወት፤ ቢያንስ ሒሳብ መያዝ ተምሯል። ሠራተኛ የሚቀጥር፣ ብድር የሚሰጥ ወይም አክሲዮን የሚገዛ ሰውም ቢሆን የሚጠይቀው ከዚህ የተለየ አይደለም። በበሩ ላይ የተለጠፈውን ደረጃ አይቶ አያበቃም፤ ደረጃው የተገኘበትን መዝገብ ገልጦ ያያል።